ጾመን ለምን አንከሳም?

(በወገዳ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት)



ዛሬ የምንነጋገረው ኪሎ ስለ መቀነስ ነው። ወገዳ ላይ ቆሞ ይህን ማውራት ለአንዳንዱ ፌዝ ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም። ወገዳ ያለችበት ስማዳም ሆነ ላዩና ታቹ ጋይንት ሴፍቲኔት የሚገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። የሰባ ሰባቱን ክፉ ቀን በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ከመካከላችን አይጠፋም። በዚህ አገር “ወፈር ብለሃል” ምርቃት ነው፤ “ምነው ከሳህ?” ደግሞ “ምን አገኘህ?” የማለት ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ንግግሬ ለማን እንደሆነና ለማን እንዳልሆነ ልለይ።

በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባ በታች የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወንዶቹ ደግሞ 33 በመቶው ከሲታ፣ 3 በመቶው ወፍራም ሆኖ ተገኝቷል። በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ይህም ያኔ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እንግዲህ እዚህ ለተቀመጠው ለብዙው ሰው የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ጠግባችሁ ብሉ፣ ልጆቻችሁንም አብሉ።

የቀረው ንግግሬ ለሌላው ነው። ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ለሚውለው የቢሮ ሠራተኛ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ለማይነሣው ነጋዴ፣ ከደብረ ታቦር ወገዳ፣ ከወገዳ ደብረ ታቦር መሪ ጨብጦ ለሚመላለሰው ሹፌር፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር አለብህ ተብሎ “ኪሎ ቀንስ” ለተባለው ሁሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። “ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሳልቀምስ ጾሜያለሁ። ታዲያ ቀበቶዬ ለምን አልላላም?” ይላሉ።

ጥያቄው ከዚህ አገር ውጭም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዋትሰን የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይበሉ ሰዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ራሳቸውንም “ቪጋን” ብለው ሰየሙ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቪጋን የሚሆነው ብዙው ሰው ለእንስሳት አዝኖ ወይም ለጤናው ሲል ነው፤ ከጤናውም ውስጥ ኪሎ መቀነስ አንዱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እነዚህን ሰዎች የሚስቧቸው በየዓይነቱ እያቀረቡ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሁዳዴ፣ የገና ጾም፣ የሰኔ ጾም፣ የፍልሰታ 15 ቀን፣ የነነዌ ሦስት ቀን፣ በዚያ ላይ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ አለ። ሲደመር ተራው ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። የጋይንት ገበሬ ቪጋን የሚለውን ስም ሳይሰማ የዓመቱን ግማሽ ቪጋን ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ያኔም የሚጾመው ለነፍሱ ነው እንጂ ለወገቡ አይደለም። ይህን ልዩነት ቄሶቻችን ከእኔ የበለጠ ያስተምሩታል፤ እኔ የማወራው ስለ ሳህኑ ብቻ ነው።

ሁለት ጥናቶችን ላስቀድም። አንዱ በግሪክ ደሴት በቀርጤስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ነው። አጥኚዎቹ 120 ጎልማሶችን ወሰዱ፤ ግማሾቹ እንደ እኛው ኦርቶዶክስ የሆኑ አጥባቂ ጿሚዎች፣ ግማሾቹ የማይጾሙ ነበሩ። ዓመቱን ተከታትለው ሲለኩ የጿሚዎቹ የደም ኮሌስትሮል በጾሙ መጨረሻ ከአንድ አሥረኛ በላይ ወርዶ አገኙት። ክብደታቸው ግን የቀነሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ አንድ በመቶ ከምናምን ብቻ። ጾሙ ለደም ሥራቸው ጠቅሟል፤ ቀበቷቸውን ግን ብዙም አላላላውም።

ሁለተኛው በኒው ዚላንድ፣ ጊዝቦርን በምትባል ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ወፍራም የሆኑና አብዛኞቹ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለባቸው 65 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል እንደ ልማዱ ሕክምናውን ቀጠለ። ሌላው ክፍል ከእንስሳ የሚገኝ ሁሉ ተከለከለ፤ ሆኖም ጥራጥሬ፣ ድንች፣ አትክልትና እህል እስኪጠግብ ድረስ እንዲበላ ተፈቀደለት። ማንም ምግቡን አልመዘነበትም። በስድስት ወር ውስጥ ይኸኛው ክፍል በአማካይ 12 ኪሎ ቀነሰ፤ በዓመቱም መጨረሻ አብዛኛው አልተመለሰበትም። የመጀመሪያው ክፍል የቀነሰው ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ሁለቱም ከሥጋና ከወተት ርቀዋል። አንዱ 12 ኪሎ የቀነሰው፣ ሌላው ግን ምንም ያህል ያልቀነሰው ለምንድን ነው? የጊዝቦርኖቹ ተጨማሪ ነገሮች ተከልክለው ነበር፤ ከነዚህም አንዱ የተጣራ ዘይት ነው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ምግብ የሚሰጠን ጉልበት በካሎሪ ይለካል። አንድ ግራም የእህል ገንቢ ወይም ኃይል ሰጪ ክፍል አራት ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ ግራም አልኮል ሰባት፣ አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ። ዘይት መቶ በመቶ ስብ ነው። ቅቤ ግን ውስጡ ውሃ አለበት። ስለዚህ 100 ግራም ቅቤ ወደ 720 ካሎሪ ሲሰጥ 100 ግራም ዘይት ወደ 880 ካሎሪ ይሰጣል። በጾም ቅቤውን አስቀምጠን ዘይቱን ያንኑ ያህል ብንጨምር የሚያወፍረን ነገር ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ይህን ስል የሚቆጡኝ እናቶች አሉ። “ዘይት የጾም ነው፣ እንዴት ያወፍራል?” ይሉኛል። ወገብ ግን ጾምና ፍስክ ለይቶ አያውቅም።

የድሮውን የጾም ማጀት አስታውሱ። ሽሮው በውሃ ይበጠበጣል፣ ሽንኩርቱም ካለ በውሃ ይቁላላል። ዘይት ብርቅ ነበር። የሚገኘውም ቅባት ከነፍሬው ነበር፤ ተልባው ተቆልቶ ተወቅጦ ለፍትፍት ይሆናል፣ ሱፉ ተቀቅሎ ተወቅጦ ይጨመቃል፣ ኑጉ ከበርበሬ ጋር ይደለዛል። ስልጆው፣ አዚፋው፣ ስናፍጩ አፍ ያሟሽ ነበር እንጂ አያሰባም። ደጋው ላይ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ባቄላ፣ ድንችም ነበር፤ ቆላው ዘንድ ማሽላው። ያንን በልቶ ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ስለ ኪሎ አይጠየቅም ነበር።

ዛሬ ጀሪካኑ በየቤቱ ገብቷል። ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ለዓመታት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ተከፋፍሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። የዘይት ዋጋ ሲወደድ እናማርራለን፤ እውነት ነው ይወደዳል። ቢሆንም አያቶቻችን በዓመት ያላዩትን ዘይት የከተማ ቤተሰብ በአንድ ወር ይጨርሰዋል። “የሚረጋው ዘይት” የምንለው፣ በንፋስ መውጫ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚጠጥረው፣ የፓልም ዘይት ነው። የሚረጋውም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ ጠጣር ስብ ስለሆነ ነው። ለልብ ሲባል የማይረጋው ይሻላል። ለኪሎ ግን ልዩነት የላቸውም፤ ፈሳሹም የረጋውም በግራም እኩል ዘጠኝ ካሎሪ ናቸው።

እስቲ እናስላው። አንዲት የቡና ስኒ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ትይዛለች። አንድ ስኒ ዘይት ወደ 570 ካሎሪ ነው። ለሦስት ሰው በሚበቃ ወጥ አንድ ስኒ ዘይት ቢገባ ለአንዱ ሰው 190 ካሎሪ ይደርሰዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ከበላ 380 ይሆናል። ይህንን በ55 የሁዳዴ ቀናት ብናበዛው ከ20,000 በላይ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል ብለን ብናካፍለው፣ ሁዳዴን ሙሉ ወጡን በውሃ የሠራ ቤት ለአንድ ሰው ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይቀንሳል። ሰውነት እንደ ሒሳብ ደብተር አይደለም፤ የሚበላው ሲያንሰው ቁጠባ ይጀምራል፣ ረኀብም ይጨምራል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል። ሆኖም አንድ ሌላ ምግብ ሳይቀነስ፣ እንጀራ ሳይጓደል፣ ከስኒዋ ብቻ ይህን ያህል ማትረፍ ይቻላል። ሌላ ምን ዓይነት ምክር ይህን ያህል ርካሽ ነው?

ወጥ ያለ ዘይት አይጣፍጥም የሚል አለ። ሽንኩርቱን በደረቁ ድስት አድክሞ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ እያከሉ ማቁላላት የእናቶቻችን ሙያ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚጨመረው ለዚህ ነበር። ዘይቱን ጭራሽ ማጥፋት ካልሆነላችሁ በማንኪያ ለኩት። ከጀሪካን በቀጥታ የሚንዶለዶል ዘይት አይለካም፤ ያልተለካም አይቀነስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል መሆኑን አስታውሱ፤ ይህንን ለማቃጠል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ አለበት።

ከዘይቱ ቀጥሎ የምግቡ ድርቀትና ርጥበት ይመጣል። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ቆሎና ንፍሮ ከአንድ ጎተራ ይወጣሉ። 100 ግራም የገብስ ቆሎ 380 ካሎሪ ያህል አለው። 100 ግራም የባቄላ ንፍሮ ግን ወደ 110 ብቻ፤ ውሃ ስለጠጣ ነው። ሆድ የሚሞላው በክብደትና በብዛት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳህን ንፍሮ የበላ ጠግቦ ይነሣል፣ ቆሎ የሚቆረጥም ግን ቡና እስኪጠጣ ድረስ ሳያውቀው ሦስት እጥፍ ይወስዳል። የድንቹም ነገር እንዲሁ ነው። የተቀቀለ ድንች በ100 ግራም 87 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠብሳችሁ ችፕስ ስታደርጉት ሦስት እጥፍ ያልፋል። የላይ ጋይንት ድንች ምንም በደል የለበትም፤ የሚበድለው ዘይቱ ነው። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ተልባም ጤናማ ናቸው፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉልበታቸው ከስብ የሚመጣ ስለሆነ እፍኝ ብቻ እንጂ ሳህን ሙሉ አይበላም።

እንጀራውስ? እንደ ስፋቱና ውፍረቱ ይለያያል፤ አንድ ትልቅ እንጀራ ከ400 እስከ 500 ካሎሪ ሊደርስ ይችላል። ከልክ በላይ የወፈረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበድለው ብዙ እንጀራ ላይ ጥቂት ሽሮ ቀብቶ ሲያነሣ ነው። ሽሮው ቀጥኖ ውሃ ሆኗል፤ ገንቢ ነገሩ ትንሽ ነው። ተገላቢጦሹን አድርጉት። እንጀራውን ግማሽ፣ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ክኩን ወፈር አድርጋችሁ አብዙ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ገንቢ ንጥረ ነገር አለው። ኪሎ የሚቀንስ ሰው ይህ ካልደረሰው የሚቀንሰው ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አይፈልገውም።

ከከተማ የመጣው የጾም ምግብ ሌላ ነው። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የጾም ኬክ፣ ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ፓስታ በዘይት። ሁሉም ጾም ናቸው፤ አንዳቸውም አያከሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስገብቶ አንድ ጊዜ የፋብሪካ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ቤት የሚሠራ ዓይነት ምግብ አቀረበላቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ፈቀደ። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም።

መጠጡን ሳልጠቅስ ባልፍ ወገዳን አላውቃትም ማለት ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ለሻይ ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር የምናደርግ ሰዎች በቀን አምስት ስኒ ስንጠጣ ምን ያህል እንደሚሆን ራሳችሁ ቁጠሩት። አንድ መለኪያ አረቄ ወደ 100 ካሎሪ ነው። ጠላም ቢራም እንዲሁ ከእህል የተሠሩ የጾም መጠጦች ናቸው፤ ስለዚህ ሥጋ የተወው ሰው በጠላ ሲሞላ ያመሻል። ይህ የጾመኛውን ነፍስ የሚመለከት አይደለም ብያለሁ፤ ወገቡን ግን ይመለከታል።

አንዳንዶች ደግሞ የሚያከሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው ይላሉ። ይህም በደንብ ተጠንቷል። ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች 139 ወፍራም ሰዎችን ለዓመት ተከታተሉ፤ ሁሉም ምግባቸውን ቀንሰው ነበር፣ ግማሾቹ በተጨማሪ በቀን በስምንት ሰዓት ክልል ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም ሰዓቱን የጠበቁት ወደ ስምንት ኪሎ፣ ያልጠበቁት ስድስት ኪሎ ከምናምን ቀንሰው ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አይደለም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ያተረፈውን ረኀብ ከዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ከበላው ምን ተረፈለት? ሰዓቱ የሚጠቅመው ማታውን ከማብዛት ከተጠበቀ ነው። ቅበላና ፋሲካም አሉ። በጾሙ መግቢያ ለአንድ ሳምንት ሥጋ፣ በመውጫው ዶሮና ቅቤ፣ ከዚያ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ የለም። በ55 ቀን የተቀነሰች ኪሎ በዳግም ትንሣኤ ትመለሳለች።

አሁን ደግሞ በጣም በጥብቅ የምናገረው አለ፤ በተለይ በዚህ አካባቢ።

በደላንታ ዳውንት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ድርቅ ሌላውን አዝመራ ሲያጠፋ የተረፈው ጓያ ነበር። ሰዉ ያንን ብቻ ሲበላ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች እግራቸው ሰነፈ፤ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ሽባነቱ አይመለስም። ጓያ ከዕፅዋት የተገኘ፣ ገንቢው የበዛ፣ ቅባቱ ጥቂት የሆነ ነው፤ በወረቀት ላይ ኪሎ ለመቀነስ የተመረጠ ይመስላል። ለብቻው፣ ለወራት፣ ከሌላ እህል ሳይቀላቀል ሲበላ ነው አደጋው። ስለዚህ ማንም ሰው “ኪሎ እቀንሳለሁ” ብሎ አንድ ዓይነት ጥራጥሬ ብቻ አይብላ። ሽሮ የምትገዙ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ጥራጥሬው ከጤፍ፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከማሽላ ጋር ይሁን፤ ጎመንና ቃሪያም አይለየው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ኪሎ መቀነስ የለባትም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል፤ ለእናቶቹም ነገሩን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል፣ ይገባልም። ሕፃን ደግሞ አይጾምም። በብዙ ቤት ግን እናት ስለምትጾም፣ ድስቱም ከፍስክ ጋር እንዳይነካካ ስለሚባል፣ የሁለት ዓመት ልጅ ሳይፈልግ ይጾማል። እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ ልጁ ሽሮ ይልሳል። 46 በመቶ ላልኋችሁ መቀንጨር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለልጁ ትንሽ ድስት ለዩለት።

የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ፣ መድኃኒቱን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በድንገት ሳይፈልግ የከሳ ሰው ደግሞ ደስ አይበለው። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ፣ ትኩሳት ካለ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ይመርመር። ብዙ የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ የከሳ ሰውም ስኳሩን ይለካ።

ሙሉ በሙሉ ቪጋን እሆናለሁ ለሚል፣ ዘንድሮ ሁዳዴ ካለቀ በኋላም ወደ ሥጋና ወተት አልመለስም ለሚል፣ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ቫይታሚን ቢ 12 ከዕፅዋት አይገኝም። ለጥቂት ወራት የሚጾም ሰው ጉበቱ ያከማቸው ስላለ አይቸገርም፤ ዓመታት ሲቆይ ግን ደም ማነስና የእጅ እግር መደንዘዝ ይመጣል። ኪኒኑን ወይም መርፌውን መውሰድ አለበት፤ የጊዝቦርኖቹም ወስደዋል። የጥራጥሬው ብረት ደግሞ በደንብ እንዲሠርጽ ከምግቡ ጋር ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨመርበት፤ ቡናና ሻይ ግን ከማዕድ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ።

ለመሆኑ ማን መቀነስ አለበት? ቁመቱ አንድ ሜትር ከ65 የሆነ ሰው ከ50 እስከ 68 ኪሎ ጤናማ ነው። ወገባችሁን ደግሞ እምብርት ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩት፤ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ከበለጠ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ ስብ አለ ማለት ነው፤ ለልብና ለስኳር የሚያሰጋው እሱ ነው። የምትቀንሱት ብዙ መሆን የለበትም። 80 ኪሎ የሆነ ሰው አራት ኪሎ ብቻ ቢቀንስ ደም ግፊቱም ስኳሩም መሻሻል ይጀምራል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል፤ ከዚያ የፈጠነ ከሆነ ጡንቻ እየሄደ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የሚቀጥለው ጾም ሳይገባ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመዘኑ፤ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። ከሲታ ሆናችሁ ከተገኛችሁ ንግግሬን እዚሁ ትታችሁ ሂዱ፤ ቆሎውንም ተልባውንም አብዝታችሁ ብሉ። ከወፈራችሁ ግን ዘይቱን ከነገ ጀምሮ በማንኪያ ለኩ፣ ስኳሩን ከሻያችሁ አውጡ፣ በሁዳዴው መጨረሻም ተመልሳችሁ ተመዘኑ።